ለተቀመጠ ሰው የተሰፋ ኮት

ሱቄ ከአየር ጤና ፌርማታ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በሁለት ጋራዦች መካከል ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ወርዷ ሁለት ሜትር ከሃያ፣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ነው። አንድ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊቆምባት የሚችለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በመስታወቱና በስፌት መኪናው መካከል። ኮሎኔሉ የቆሙት እዚያ ነበር።

በሬ ላይ በቀይ ቀለም "ዚፕ እንቀይራለን፣ ሱሪ እናሳጥራለን፣ እናጠባለን" የሚል ጽሑፍ አለ። ያን ጊዜ ሙሉ ልብስ እንሰፋለን አይልም ነበር። ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም። ከሰልባጅ ተራ አሮጌ ኮት እየገዛሁ በምላጭ እፈታለሁ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በእርሳስ እስላለሁ፤ ከዚያ መልሼ እሰፋዋለሁ። የመጀመሪያው ኮት ተመልሶ ሲሰፋ አንደኛው እጅጌ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። አሥራ አንደኛውን አንድ ሰው እንደተፈታ ሳያውቅ ከላዬ ላይ ገዛኝ። ያን ቀን ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ምንም ጉዳይ አልነበረኝም፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ኮሎኔሉን የማውቃቸው በሥራ ላይ ሳሉ ነው። ቤታቸው ከሱቄ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ነው። አንድ ጊዜ የደንብ ልብሳቸውን እጅጌ እንዳሳጥር አመጡልኝ። ደረቱ ላይ ሁለት ረድፍ ሪባን ነበረበት። ካውያው እንዳይነካው አውልቄ፣ ቦታውን ወረቀት ላይ በማስመሪያ አስምሬ፣ ከተኮስኩ በኋላ መለስኩት። በማግስቱ ጠዋት ልብሱን ይዘው ተመልሰው መጡ።

"ይህን ሪባን የመለሰው ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ሁለት ሚሊ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ። አሁን ቀጥ ብሏል።"

"ይቅርታ ጋሼ፣ የተሳሳተ መስሎኝ ነው።"

ልብሱን አጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉና ወጡ። ከዚያ ወዲህ ግን ቁልፍ እንኳን ቢበጠስባቸው ሌላ ቤት ሄደው አያውቁም።

ሜዳሊያቸውን ስለምን እንደተሸለሙ በሰፈራችን አምስት ዓይነት ወሬ አለ። በአንደኛው ድልድይ አለ፤ በሌላው ወንዝ ብቻ እንጂ ድልድይ የለም። ሁሉም ወሬ ላይ የሚገጥመው አንድ ነገር ነው፤ ኮሎኔሉ ቁስለኞቻቸውን ሳይዙ አልወጡም። እሳቸው ሲናገሩት የሰማ ሰው ግን አላገኘሁም። ጡረታ ሲወጡ ሰፈሩ ዝም ብለው አበባ የሚተክሉ መስሎት ነበር። በዓመቱ የድጋፍ ፊርማ አሰባስበው ለተወካዮች ምክር ቤት በግል ዕጩነት ተመዘገቡ። እኔም ፈርሜያለሁ። ፊርማዬን ከመስመሩ እንዳይወጣ ተጠንቅቄ ነው የፈረምኩት።

ከምርጫው በፊት ዕጩዎቹ ሁሉ ከነዋሪው ጋር የሚተዋወቁበት ስብሰባ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኮሎኔሉ ከሐጂ ጋር ሱቄ ገቡ። ሐጂ ከእኔ ፊት ለፊት ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ስድሳውን ያለፉ፣ ቀኑን ሙሉ ከሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው የሰፈሩን ሰው ሁሉ በልብሱ የሚተቹ ሰው ናቸው። ብብታቸው ሥር ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ ይዘዋል።

"ሙሉ ሱፍ ሰፍተህ ታውቃለህ?" አሉኝ ኮሎኔሉ።

"አንድ። ለራሴ።"

"ለብሰኸው ወጥተሃል?"

"ለአንድ ሠርግ።"

"የሳቀብህ ሰው ነበር?"

"አልነበረም ጋሼ።"

"በቃ።"

ሐጂ ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት፤ እጃቸውን ግን አላነሱም። "ኮሎኔል፣ ከተማው በልብስ ሰፊ ተጨናንቆ ሳለ ይሄን ጨርቅ ለዚፕ ቀያሪ ይሰጣሉ? የመጨረሻው ነው እኮ። ቢበላሽ የምተካው የለኝም።"

"ይሄ ልጅ ሁለት ሚሊ ያያል።"

"እሺ። እንግዲያው ስማ አንተ፣" አሉኝ ሐጂ፣ "ግራ ደረቱ ላይ ለሜዳሊያው ቦታ ተውለት። ትንሽ የክር ማንጠልጠያ አድርግበት፣ እንዲሰካ።"

"አይደረግም፣" አሉ ኮሎኔሉ።

"ለምን? ሕዝቡ የሚያውቅዎት በእሱ አይደል?"

"ሜዳሊያውን የሰጡኝ ለአንድ ቀን ሥራ ነው። መራጮቹ ሊሰጡኝ የሚችሉት የአምስት ዓመት ሥራ ነው። አንዱን ለሌላው መክፈያ አላደርግም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እዚያ አዳራሽ በዚህ ኮት ገብቼ ካልሰሙኝ፣ በማግስቱ ዕጩነቴን እመልሳለሁ። በሜዳሊያ መሰማት ከሆነ እዚያው ሠራዊቱ ውስጥ እቆይ ነበር።"

ሐጂ እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አነሱ።

ኮሎኔሉ በመስታወቱና በመኪናው መካከል ቆሙ። ሜትሬን ሳወጣ ተረከዛቸው ተጋጠመ፤ ደረታቸው ተነፋ፤ ትከሻቸው ወደ ኋላ ሄደ፤ አገጫቸው ከፍ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቆሙበት አቋቋም ቆሙ። እንዲህ ያለ ለልኬት የሚመች ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ደረት መቶ ስምንት፣ ከብብት እስከ ብብት በጀርባ በኩል አርባ፣ ክንድ ስድሳ አራት ተኩል። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ለካሁ። አንዱም አልተለወጠም። ሰው ሲለካ ይተነፍሳል፣ ይስቃል፣ ስልክ ያነሳል፤ ቁጥሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የኮሎኔሉ ቁጥር ድንጋይ ላይ የተጻፈ ይመስል ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮቱን ብቻ ሠራሁ። የኮሎኔሉ ባለቤት ሰደሪያም ይጨመርበት ብለው ስለላኩብኝ፣ ከሰማንያ ሳንቲም ትንሽ የሚበልጥ ጨርቅ ለብቻው አስቀመጥኩ። የቀረውን በልኩ ቆረጥኩ። በልኩ ስል በልኩ ማለቴ ነው። ልብስ ሰፊ ሁሉ፣ ምናልባት ይጠብ እንደሆነ ብሎ፣ ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳንቲም ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። እኔ አንድ ሳንቲም ብቻ ተውኩ። ልኬቴን ሁለት ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ለምን እተዋለሁ አልኩ። ትርፉ በገበሩ ሥር እብጠት ይሠራል፤ እብጠት ደግሞ አልወድም።

ስብሰባው እሑድ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ኮሎኔሉ ሊለኩት መጡ። ሐጂም መንገዱን ተሻግረው መጡና በሬን ሞልተው ቆሙ።

ኮሎኔሉ ኮቱን ለብሰው በመስታወቱ ፊት ተጠንቀቅ ቆሙ። ኮሌታው አንገታቸው ላይ ተኝቷል። ትከሻው ላይ አንድ ሽብሽብ የለም። ጀርባው እንደ ውሃ ወርዷል። እንደዚያ ያለ ነገር በእጄ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ዓይኔን ከመስታወቱ ላይ መንቀል አቃተኝ።

"ማሻ አላህ፣" አሉ ሐጂ። ከእሳቸው አፍ በእኔ ሥራ ላይ ይህ ቃል ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

"እስቲ ልቀመጥበት፣" አሉ ኮሎኔሉና በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ።

ኮቱ ግን አብሯቸው አልተቀመጠም። ኮሌታው ከአንገታቸው ተላቆ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ቆመ። ትከሻው ወደ ጆሯቸው ወጣ። ፊቱ እንደ ተከፈተ በር ተንጋደደ፤ ጀርባቸው ላይ ያለው የመሐል ስፌት ጠጠጥ የሚል ድምፅ አሰማ። እጃቸውን ወደ ፊት ሲዘረጉ እጅጌው ከአንጓቸው ስምንት ሳንቲም ሸሸ።

ሐጂ ሳቁ። ሳቃቸው ጋራዡ ውስጥ መኪና ሥር የተኛውን ሰው እንኳን አስወጣው።

"ልጄ፣ ለሐውልት ነው እንዴ የሰፋኸው? ኮሎኔልን አደባባይ ላይ ሊያቆሟቸው ነው?"

ስህተቴን ያኔ አየሁት። ኮቱ የተቆረጠው ለተነፋ ደረት ነው። ደረት ሲነፋ ጀርባ ይጠባል፤ እኔም የለካሁት ያንን የጠበበ ጀርባ ነው። ሰው ተነፍቶ ውሎ አያድርም። በዚህ ኮት ኮሎኔሉ ሊያደርጉ የሚችሉት መቆም ብቻ ነበር። ትርፍ ጨርቅ እንዳልተውኩበት ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

"ይስተካከላል?" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"እንደገና ልለካዎት ጋሼ። ግን... እንዲያው ዝም ብለው ይቁሙ።"

"ዝም ብዬ ነው የቆምኩት።"

"ማለቴ... ዘና ብለው።"

ሜትሬ ጀርባቸውን ሲነካ ደረታቸው ተነፋ። ሜትሩን ሳነሳ ተነፈሰ። ስነካ ተነፋ። ሐጂ ከበሩ ላይ "እዘዛቸዋ!" አሉኝ። "በሚያውቁት ቋንቋ እዘዛቸው!"

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እኔ ለሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። "አሳርፍ!" አልኩ።

ኮሎኔሉ ወዲያው ግራ እግራቸውን ከፈቱ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ደረታቸው ግን እንደተነፋ ነው። ለካ ለወታደር ማረፍም በትእዛዝ የሚደረግ አቋም ነው። ሁለታችንም መስታወቱ ውስጥ ተያየን። እሳቸው በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ኮቱ ግን እንዳለ ነበር፤ እሑድም ከአራት ቀን አልራቀም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ምክንያት ያደረግሁት የሱሪውን ርዝመት ነው። ኮሎኔሉ ዕጩ ከሆኑ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የግቢያቸው በር አይዘጋም፤ ያሻው ገብቶ ችግሩን ይነግራቸዋል። ባለቤታቸው በሩ ላይ ተቀበሉኝ። "አዋረድኩት ብለህ አዘንክ አሉ፤" አሉኝ። "አይዞህ። ይሄ ሰውዬ ሲተኛም እንደዚያው ነው። ሠላሳ ዓመት አጠገቡ ተኝቻለሁ።"

ኮሎኔሉ ግቢው ውስጥ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥግ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ከጀርባቸው። ከፊታቸው አንድ ጎልማሳ የውሃ ነገር ይነግራቸዋል።

"ማክሰኞ ይመጣል ይባላል። ማክሰኞ ይመጣል፣ እኛ ሥራ ላይ ነን። ስንመለስ ሄዷል። ኮሎኔል፣ አንዴ ደውለው ቢቆጧቸው እኮ ያልቃል!"

"ማንን ልቆጣ? ወታደር የለኝም እኮ አሁን።"

"ይፈሩዎታል ስልዎት።"

"ፈርተው የከፈቱት ውሃ ስዞር ይዘጋል። በየትኛው ሰዓት ነው የሚመጣው? ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

ይህን ብለው ወደ ፊት አጎነበሱ። ሁለቱን ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ፤ ራሳቸውን ወደ ሰውየው ዘንበል አደረጉ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ሰውየው ሲሄድ አንዲት ሴት መጣች፤ ከእሷ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ። ለሁሉም እንደዚያው ነበሩ። ደረታቸው አልተነፋም። ማንም ሜትር አልያዘባቸውም።

የለበሱት ሸሚዝ መስመር መስመር ያለው ነበር፤ ነጭ ላይ ቀጭን ሰማያዊ። ከአንዱ ብብት እስከ ሌላው ጀርባቸው ላይ ያሉትን መስመሮች መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ሦስት። ትንፋሼን ይዤ ደግሜ ቆጠርኩ። ሽማግሌው አስቂኝ ነገር ተናግረው ኮሎኔሉ ሲስቁ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። ሃያ ሦስት።

ስወጣ ባለቤታቸውን ያ ሸሚዝ ሲታጠብ እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። "እህቱ ገመድ ላይ አለች፣" አሉኝና ከዚያው ጨርቅ የተሰፋ ሌላ ሸሚዝ አሳዩኝ። እዚያው ገመዱ ላይ እንዳለ ለካሁት። ከመስመር እስከ መስመር ሁለት ሳንቲም። አርባ ስድስት መሆኑ ነው። ሱቅ ውስጥ አርባ ነበር። ስድስት ሳንቲም ሰው ከሐውልቱ ጀርባ ተደብቆ ኖሯል።

"ምንድን ነው የምትቆጥረው አንተ?" አሉኝ እትዬ።

"ጋሼን ነው እትዬ። ሰደሪያው ግን ሊቀር ነው።"

ጨርቅ ያለኝ እዚያ ብቻ ነበር። ለሰደሪያው ያስቀመጥኩትን በእጥፉ ዘርግቼ ሁለት የጀርባ ቁራጭ አወጣሁበት፤ ተርፎኝ የቀረው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። አሮጌውን ጀርባ ፈታሁ፤ ኮሌታውን አነሳሁ፤ ብብቱን ከፍ አድርጌ ቆረጥኩ፣ እጅ ወደ ፊት ሲዘረጋ ኮቱ ሁሉ አብሮ እንዳይጎተት። መፍታቱን አውቅበታለሁ፤ ስፌት የተማርኩትም በመፍታት ነው። ዓርብ ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ቆም ብለው አዩኝ። ሁሉ ነገር ተበታትኖ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከዚያ ወደ ሱቃቸው ተሻገሩ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ቁልፍ ተከልኩ።

ከእኔ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ ቢሆን የቆመውንም የተቀመጠውንም ሰው በአንድ ኮት ያስማማ ነበር። እኔ ግን አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ሲያጎነብሱ የሚያምር ኮት ሲቆሙ ጀርባው ላይ ትንሽ እንደሚሰፋ አውቅ ነበር። ለኮሎኔሉም ነገርኳቸው።

"ስንት?" አሉኝ።

"ስድስት ሳንቲም።"

"እቀበላለሁ።"

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ የተረፈው ሰው ደጅ ቆሟል። ኪሴ ውስጥ መርፌና ጥቁር ሰማያዊ ክር ይዤ ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዕጩዎቹ አራት ነበሩ። ኮሎኔሉ ሲገቡ ሰው ሁሉ አንገቱን ያሰገገው ወደ ግራ ደረታቸው ነው።

"ሜዳሊያው የታለ?" አለች ከኋላዬ አንዲት ሴት።

"ሸጠውት ይሆናላ።"

"ዝም በይ አንቺ!"

"እኔ ልጆቼን ይዤ የመጣሁት እሱን እንዲያዩ ነው።"

የኮሎኔሉ ተራ ሲደርስ ተነስተው ቆሙ። ጀርባቸው ላይ ኮቱ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይታያል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ በሰፈሩ በአፉ የታወቀ፣ ለጓደኛው ብሎ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "ኮቱ የታላቅ ወንድማቸው ነው እንዴ?" አለ። መርፌዬን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩ፤ ወጋኝ።

ኮሎኔሉ አጭር ንግግር አደረጉ። ጥሩ ነበር፤ ግን የሪፖርት ዓይነት ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። የጥያቄ ሰዓት ሲሆን ያው ሹፌር እጁን አወጣ።

"ጋሼ ኮሎኔል፣ ከአክብሮት ጋር ነው። ምክር ቤት ውስጥ ተጠንቀቅ ብለው የሚያስቆሙት ሰው የለም። ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው የሚገቡት?"

አዳራሹ በሳቅ ተነሳ። ኮሎኔሉ ተረከዛቸው ሲገጥም አየሁ። ደረታቸው ተነፋ፤ እጃቸው ከጎናቸው ተጣበቀ። ያች ስድስት ሳንቲም ጀርባቸው ላይ እጥፍ ብላ ቆመች። አለቀ አልኩ በሆዴ። በማግስቱ ሄደው ዕጩነታቸውን ሲመልሱ ታየኝ፤ የለበሱት ደግሞ የእኔን ኮት ነው።

"ልክ ነህ፣" አሉ። "እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።"

ሳቁ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። በዚያ መሐል ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ከወደ ዘነበወርቅ የመጡ አንዲት እናት ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው በኦሮምኛ መናገር ጀመሩ። ድምፃቸው ትንሽ ነው። የማይክራፎኑ ገመድ አልደረሰላቸውም።

"አይሰማም!" አለ ሰው ከኋላ።

"እናት፣ ጮክ ይበሉ!"

"ጊዜ የለም፣ ይታለፍ!"

መድረክ የሚመራው ሰው እንዲቀመጡ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ኮሎኔሉ ግን ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሦስቱን ደረጃ ወርደው መጡና እናትየውን እጃቸውን ይዘው እዚያው የፊት ረድፍ ወንበራቸው ላይ አስቀመጧቸው። እሳቸው ራሳቸው የታችኛው ደረጃ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ።

ደረጃው በእኔ ጫፍ በኩል ስለነበረ፣ ወደ እናትየው ሲዞሩ ጀርባቸው ወደ እኔ ሆነ። ኮሌታው አንገታቸው ላይ ተኝቷል። ትከሻው ከቦታው አልተነሳም። ያ የተረፈው ጨርቅ ሁሉ ሄዶ ቦታውን ያዘ፤ አንድ ሽብሽብ፣ አንድ የተወጠረ ክር የለም። እናትየው ረጅም ጊዜ ተናገሩ። ኮሎኔሉ አንዴም አላቋረጧቸውም፤ ሁለት ጊዜ ብቻ በኦሮምኛ አጭር ነገር ጠየቁ። ሰው መጀመሪያ ተንጫጫ፤ ከዚያ ለመስማት ብሎ ዝም አለ፤ በመጨረሻ ምንም ሳይሰማም ዝም እንዳለ ቀረ።

ኮሎኔሉ እዚያው እንደተቀመጡ ወደ አዳራሹ ዞሩ። ማይክራፎን አላስፈለጋቸውም። "እናታችን ያሉትን ልንገራችሁ። ከተሳሳትኩ ያርሙኛል። ሁለት ልጆቻቸው ወታደር ነበሩ። አንዱ ከዘመቻ ሳይመለስ ቀርቷል። ሁለተኛው ያለ አንድ እግሩ ተመልሷል። የጉዳት ጡረታ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሁለት ዓመት ሆኖታል። 'ልጆቼን ስታዝዙ ድምፃችሁ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ አሁን የእሱ ድምፅ ለማን ይሰማል?' ነው ያሉት።" ወደ እሳቸው ዞረው በኦሮምኛ ጠየቋቸው። እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለእኔ ይሰማል፣" አሉ ኮሎኔሉ። "ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤትዎ እመጣለሁ። ከራሱ አፍ እሰማዋለሁ። ብመረጥም ባልመረጥም ወረቀቱን ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ።" ከዚያ ሹፌሩን በዓይናቸው ፈለጉት። "ልጄ፣ ልሠራ የምገባው ይህንን ነው። ሌላውን እየተማርኩ እነግርሃለሁ።"

ሹፌሩ ቆሞ ነበር፤ ቁጭ አለ። ያጨበጨበ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ነው።

ጭብጨባው ሲበርድ እናትየው የኮሎኔሉን እጅጌ በሁለት ጣታቸው ይዘው እያሹ ነበር። "ይሄ ጥሩ ጨርቅ ነው፣" አሉ በአማርኛ፣ አሁን ሁሉም ሰማቸው።

"የእኔ ነው!" አሉ ሐጂ ከአዳራሹ መሐል ብድግ ብለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሐጂ ግን አልተቀመጡም። ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ እኔ አመለከቱ። "ስፌቱ የዚህ ልጅ ነው! የዚህ፣ የዚፕ ቀያሪው!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ጫማዬን አየሁ። መርፌው የወጋው ጣቴ ላይ ትንሽ ደም ነበረ። በሕይወቴ ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም፤ በእጄ ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ ሲሚንቶ ላይ በተቀመጡት ሰውዬ ጭምር።

በማግስቱ ኮሎኔሉ ከቤታቸው ሲወጡ ከሱቄ በር ላይ ሆኜ አየኋቸው። ዕጩነት ለመመለስ የሚኬደው በጦር ኃይሎች በኩል ነው። እሳቸው ወደ ዘነበወርቅ ታጠፉ።

ተመረጡ። ምክር ቤቱ ሲከፈት ጋራዡ ውስጥ ባለች ቴሌቪዥን አሥር ሰው ሆነን አየን። ካሜራው በወንበሮቹ ላይ ሲያልፍ ሁሉም ጥቁር ኮት ነው፤ ሁሉም ተደግፎ ተቀምጧል። ከመሐል አንድ ሰው ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ከፊቱ የሚናገረውን ያዳምጣል። "ያውልህ ስድስት ሳንቲምህ!" አሉኝ ሐጂ፣ ትከሻዬን በመዳፋቸው መታ አድርገው።

ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ኮሎኔሉ ኮቱን በፌስታል ይዘው መጡ። የእናትየው ልጅ ወረቀት በስድስተኛው ወር ማለቁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የውሃው ነገር ግን አሁንም እያጨቃጨቀ ነው። ኮቱን ወደ ብርሃን አነሳሁት። ትከሻው እንደሰፋሁት ነው። የጀርባው ስፌት አልላላም። ሁለቱ ክርኖች ግን ሳስተው ገበሩ ሊታይ ደርሷል።

"ክርንዎን ምን ላይ ነው የሚያሳርፉት ጋሼ?"

"ጉልበቴ ላይ ነዋ። ጥፋቱ የማን ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ይጠገናል?"

ከመሳቢያዬ ከሰደሪያው የተረፈችውን አንድ ስንዝር ጨርቅ አወጣሁ። ከውስጥ ገብታ ስትሰፋ እንደማትታወቅ አሳየኋቸው። ጣታቸውን አሳለፉባትና "እንግዲያው እሱ እስኪጠገን ሌላ ያስፈልገኛል፣" አሉ። ከመንገዱ ማዶ ሐጂ ሳይጠሩ ተነስተው ጨርቅ ማውረድ ጀመሩ። በሬ ላይ ካለው ጽሑፍ ሥር "ሙሉ ልብስ እንሰፋለን" የሚል መስመር ከጨመርኩ ሰንብቻለሁ፤ ፊደሎቹ ከላይኞቹ ጋር እኩል ናቸው።

ሜትሬን አንስቼ ስዞር ኮሎኔሉ በመስታወቱና በመኪናው መካከል ቆመዋል። ተረከዛቸው ገጥሟል። ደረታቸው ተነፍቷል።

በርጩማውን በእግሬ ገፋሁላቸው። "ይቀመጡ ጋሼ። እስቲ የዚያን የውሃውን ነገር ከምን እንዳደረሳችሁት ይንገሩኝ።"

ተቀመጡ። ስለ ውሃው ሲያወሩኝ ክርናቸው ጉልበታቸው ላይ ወረደ። ከኋላቸው ዞሬ ሜትሩን ቀስ ብዬ ዘረጋሁ። አርባ ስድስት።